ደንበኛው ከነሱቁ የሚሸጥበት ገበያ

ሱቅ ሲሸጥ ደላላው የሚያስማማው ሻጭንና ገዢን ነው። ደንበኛው በማግስቱ ከባንኮኒው ጀርባ አዲስ ፊት ያያል፤ ካልጣመው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። በኢንተርኔት መክፈቻው በብራውዘር ላይ በሚጫኑት አነስተኛ ፕሮግራሞች፣ ኤክስቴንሽን በሚባሉት፣ ገበያ ውስጥ ግን ደንበኛው ባለቤቱ መለወጡን የሚነግረው የለም።

ግሬት ሰስፔንደር የተባለውን እንውሰድ። ሥራው ተከፍተው የተረሱ ገጾችን እያስተኛ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ማሳረፍ ነበር። በነፃ ይታደል ስለነበር ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ፈጣሪው ማንነቱ በይፋ ላልታወቀ ወገን ሸጠው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ማሻሻያ ከውጭ ኮድ እየሳበ የሚያስገባ ነገር ይዞ መጣ። ጉግል አደገኛ ነው ብሎ ከመደብሩ ያወጣው በፌብሩዋሪ 2021 ነው።

ለመሆኑ ገዢው ምን ገዛ? ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ያለ ክፍያ መገልበጥ ይቻል ነበር። ዋጋ ያወጣው 2 ሚሊዮን ሰው አስቀድሞ የሰጠው ፈቃድ ነው። ብዙ ኤክስቴንሽኖች ሲጫኑ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንዴ «እሺ» ከተባለ፣ ማሻሻያው ተጨማሪ ፈቃድ እስካልጠየቀ ድረስ ክሮም ሳያማክር ራሱ ይጭነዋል። በባንክ ገጽ ላይ የሚታየው የምስጢር ግንኙነትም እዚህ ላይ አያድንም፤ መንገዱን ይጠብቃል እንጂ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ሌባ አያስወጣም።

ሽያጭ ባይኖርስ? ሳይበርሄቨን የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ሥራውም፣ የሚገርመው፣ የድርጅቶች መረጃ እንዳያፈተልክ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2024፣ ለፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ አንድ ሠራተኛው ከጉግል መደብር የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው። ኤክስቴንሽናችሁ ደንብ ስለጣሰ ሊወርድ ነው ይላል። ሠራተኛው ማስፈንጠሪያውን ተከትሎ ለማያውቀው ፕሮግራም ፈቃድ ሰጠ፤ የይለፍ ቃል እንኳ አልተሰረቀም። በማግስቱ 400 ሺህ ያህል ተጠቃሚ ባለው ኤክስቴንሽን ውስጥ የሌቦቹ ኮድ ገባ። ያነጣጠረውም የፌስቡክ ማስታወቂያ አካውንቶች ላይ ነበር። ዕቃውን በፌስቡክ እያስተዋወቀ ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የብራውዘሩ የራሱ ቀዳዳም አለ። በሴፕቴምበር 2023 ዌብፒ የተባለውን የምስል ዓይነት በሚከፍተው ኮድ ላይ በተገኘው ጉድለት የተነሳ፣ አንድ ምስል ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለጥቃት ያጋልጥ ነበር። ክሮምም ፋየርፎክስም ተነክተዋል። መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ቢወጣም ሥራ የሚጀምረው ብራውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ብራውዘሩን ለሳምንታት ሳይዘጋ የሚሠራ ቢሮ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ የታመመ ሰው ይመስላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመደብሩ መታመን ብቻውን ለዚህ ጸሐፊ በቂ ሆኖ አልታየውም። የሚሻለው ለባንክ ሥራ ብቻ የሚውል፣ አንድም ኤክስቴንሽን ያልተጫነበት ሌላ ብራውዘር መያዝ ነው፤ ወጪ የለውም። በዕለት ተዕለቱ ላይ ደግሞ ከላይ በቀኝ ካለው የሦስት ነጥብ ምልክት ገብቶ የተጫኑትን ማየት፣ ማን እንደጫነው የማይታወቀውን ማውጣት ነው። ሒሳብ ሠራተኛው የጫነው ኩፖን ፈላጊም ይቆጠራል።

አጠራጣሪ ኤክስቴንሽን ከተገኘ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። ሌባው ብዙ ጊዜ የሚወስደው የይለፍ ቃሉን ሳይሆን፣ ገጹ «ይህ ሰው ገብቷል» ብሎ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠውን ኩኪ ነው። እሱን የያዘ ሰው በስልክ የሚላከውን ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ከንጹሕ መሣሪያ ገብቶ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን መጫን፣ ከዚያም የይለፍ ቃሉን መለወጥ፣ የባንክ አካውንት ከሆነ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ መደወል ያስፈልጋል።