የሮቦት ቀዶ ሕክምና ሥልጠና

በሮቦት በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ከሕመምተኛው አልጋ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ ኮንሶል በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ሮቦቱ በራሱ አይወስንም። የሐኪሙን የእጅ እንቅስቃሴ አሳንሶ፣ የጣቱን መንቀጥቀጥ አጣርቶ፣ በጠባብ ቀዳዳ በገቡ ቀጫጭን መሣሪያዎች ይደግመዋል። በሰፊው የሚታወቀው ሮቦት፣ ዳ ቪንቺ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ለሠልጣኙ ከሁሉም የሚከብደው የመዳሰስ ስሜትን ማጣት ነው። በክፍት ቀዶ ሕክምና የጠነከረውን ከለሰለሰው የሚለየው፣ ክሩ ሊበጠስ መድረሱን የሚያውቀው ጣት ነው። አብዛኞቹ ሮቦቶች ይህን ስሜት ወደ እጅ አይመልሱም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቃድ ያገኘው ዳ ቪንቺ 5 ግን የኃይል ስሜት የሚመልሱ መሣሪያዎች ይዞ መጥቷል። ስሜቱን በማይመልሱት ሮቦቶች ላይ ሠልጣኙ የጉልበቱን መጠን በዓይኑ መለካት ይማራል፦ ሕብረ ሕዋሱ ሲያዝ መንጣቱን፣ ክሩ ሲወጠር ቅርጹን መለወጡን ይከታተላል። ብዙ ዓመት በቢላ የሠራ ሐኪም እንኳ እዚህ ላይ እንደገና ተማሪ ይሆናል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ማሽኑን ከማወቅ ነው፤ ድንገት ችግር ቢፈጠር መሣሪያዎቹን በፍጥነት አውጥቶ የሮቦቱን ክንዶች ከሕመምተኛው መለየትም ይጨምራል። ቀጥሎ ሲሙሌተር አለ። ቀለበት ማቀበል፣ መርፌ መያዝና መስፋት በምናባዊ አካል ላይ ይደጋገማሉ፤ ማሽኑም የባከነውን እንቅስቃሴና ከዕይታ ውጪ የተንቀሳቀሰውን መሣሪያ ይመዘግባል። ከዚያ ሠልጣኙ በአልጋው አጠገብ ረዳት ይሆናል። በመጨረሻ በጥንድ ኮንሶል፣ አስተማሪው በማንኛውም ቅጽበት መሣሪያውን ሊረከበው በሚችልበት ሁኔታ፣ የኦፕራሲዮኑን ቀላል ክፍሎች ይሠራል። ብቃቱ በሠራው ኦፕራሲዮን ብዛት ብቻ ሊመዘን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው ጊርስ የተሰኘው መመዘኛ ጥልቀትን የመገመት፣ ሁለት እጅን የማቀናጀትና ኃይልን የመመጠን ችሎታን የሚያይ በመሆኑ የተሻለ ዳኛ ነው።

ለምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞች ቅርብ የሆነው ማዕከል በሩዋንዳ ኪጋሊ የሚገኘው ኢርካድ አፍሪካ ነው። እናት ተቋሙን ፈረንሳዊው ዣክ ማሬስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 በስትራስቡርግ መሠረቱት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ተቀምጠው ስትራስቡርግ ያለች ሕመምተኛን ሐሞት ከረጢት በሮቦት ያወጡት እሳቸው ናቸው። የኪጋሊው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ተመርቆ በካሜራ የሚታገዝ ቀዶ ሕክምናን (ላፓሮስኮፒን) እና የሮቦት ቀዶ ሕክምናን ያስተምራል። ኢትዮጵያና ሱዳን ማዕከሉ ካለባት ሩዋንዳ ጋር በአንድ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በኮሴክሳ፣ ይገናኛሉ። ሮቦት በሌለበት ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ሐኪምም መንገዱን መጀመር ይችላል፦ ላፓሮስኮፒን በሚገባ የተካነ ሰው በስክሪን እያየ መሥራትን አስቀድሞ ለምዷል።