የአጥቂ ፍጥነት በፊዚክስ ዓይን

በጢስ ዓባይ አካባቢ አንድ አሠልጣኝ ወጣት ተጫዋቾችን በ100 ሜትር ሩጫ ሲመለምል ተመልክቻለሁ። ከሁሉም ኋላ የቀረው አጥቂ ኳስ ሳይነካ ተሰናበተ። ለመሆኑ የፍጥነት ማነስ የአጥቂን ውጤታማነት ይገድባልን? ጥያቄው የአንድን ልጅ ዕድል የሚወስን በመሆኑ፣ ከግምት ይልቅ በስሌት ቢመለስ ይመረጣል።

ስሌቱን ለማቅለል አጥቂው በሴኮንድ 8 ሜትር፣ ተከላካዩ ደግሞ በሴኮንድ 9 ሜትር በማይለወጥ ፍጥነት ይሮጣሉ እንበል። 100 ሜትሩን አጥቂው በ12.5 ሴኮንድ፣ ተከላካዩ በ11.1 ሴኮንድ ይጨርሳሉ። የ1.4 ሴኮንድ ልዩነት በሩጫ ውድድር እጅግ ሰፊ ነው። ኳሷ ያለችው 10 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ግን ልዩነቱ ወደ 0.14 ሴኮንድ ይወርዳል።

በዚህ ላይ የምላሽ ጊዜ አለ። ሰው በዓይኑ ላየው ድንገተኛ ነገር ምላሽ ለመስጠት 0.2 ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋል። ተከላካዩ ኳሷ ስትመታ አይቶ ቢነሣ፣ አጥቂው ግን የአቀባዩን ሁኔታ አስቀድሞ አስተውሎ ልክ ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት ቢነሣ፣ ይህን ያህል ቅድሚያ ያገኛል። አጥቂው በእያንዳንዱ ሜትር የሚያጣው 1/72 ሴኮንድ ስለሆነ፣ ቅድሚያው የሚያልቀው ከ14.4 ሜትር በኋላ ነው። የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ጥልቀት 16.5 ሜትር መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ርቀት ቀላል አይደለም።

እርግጥ ነው፣ በተግባር ማንም ሯጭ ከቆመበት ተነሥቶ ወዲያውኑ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ አይደርስም። ይህም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ይበልጥ ወሳኝ ያደርጋቸዋል፤ የ100 ሜትር ሰዓት ደግሞ ስለ እነርሱ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ፍጥነት ዋጋም ያስከፍላል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ልክ ያድጋል። ክብደታቸው እኩል 70 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ አጥቂው 2240 ጁል፣ ተከላካዩ 2835 ጁል ይዘው ይሮጣሉ፤ ብልጫው 27 በመቶ ገደማ ነው። በሣሩና በጫማው መካከል ያለው ሰበቃ ለሁለቱም እኩል ከሆነ፣ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጠው ተከላካይ ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ክብ ሬድየስም በዚሁ መጠን ይሰፋል። ሰበቃው በሚቀንስበት የክረምት ጭቃ ደግሞ ሁለቱም ሰፋ አድርገው ይታጠፋሉ፤ ይበልጥ የሚቸገረው ግን ፈጣኑ ነው። ዝግ ያለው አጥቂ በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ተከላካዩ አልፎት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሲባል ግን ፍጥነት አይጠቅምም ማለት አይደለም። በመልሶ ማጥቃት 40 ሜትር መሮጥ ግድ ሲሆን ልዩነቱ 0.56 ሴኮንድ ይደርሳል። የ0.2 ሴኮንዱ ቅድሚያ ቢቀነስለት እንኳ ተከላካዩ 3 ሜትር ገደማ ይቀድማል። ይህን ክፍተት ብልሃት ብቻውን አይሞላውም።

ከታሪክ ሁለት ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ የሮጠው ዩሴይን ቦልት፣ በ2018 በአንድ የአውስትራልያ ክለብ የእግር ኳስ ሙከራ አድርጎ ነበር። በወዳጅነት ጨዋታ ሁለት ጎል ቢያገባም፣ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ከክለቡ ተለያየ። በአንጻሩ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 የረታችው በተጨማሪው ሰዓት ነበር። አራተኛዋን ጎል ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ ነው። መንግሥቱ ዘገምተኛ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከ90 ደቂቃ በኋላ የማንም እግር እንደ መጀመሪያው አይሮጥም፤ በዚያ ሰዓት ተገቢውን ቦታ ቀድሞ የመያዝ ዋጋ ይጨምራል።

እንግዲህ የፍጥነት ማነስ የሚገድበው አጥቂው የሚያጠቃበትን መንገድ እንጂ ማጥቃቱን አይደለም። ረጅም ርቀት እየሮጠ ጎል የሚያገባ አጥቂ ላይሆን ይችላል፤ በ10 ሜትር ውስጥ ግን ማንንም ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ መልማዮች ከ100 ሜትሩ ሩጫ ይልቅ የ10 ሜትሩን ቢለኩ፣ መነሻ ምልክቱንም ከፊሽካ ይልቅ የኳስ ምት ቢያደርጉት መልካም ነው። ያ ልጅ በዚህ መንገድ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ኳስ በመንካት ችሎታውን ያሳይ ነበር።