የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና መዘውር እንዴት ይመረጣል?

(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው የአበው አነጋገር የተነገረው ስለ እሾኹ ነው። ይሁን እንጂ ብልሃት የሚያስፈልገው ዓሣው ከገበታ ከቀረበ በኋላ ብቻ አይደለም፤ ገና በውሃው ውስጥ ሳለም ያስፈልጋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በመንጠቆ ለማጥመድ የሚያገለግሉት ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች፥ ማለት ዘንጉና ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር፥ እንዴት እንደሚመረጡ እንገልጻለን።

በአገራችን ለኑሮው ዓሣ የሚያጠምደው ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ በመረብ፥ በወንዝ ዳርም ከእንጨት ላይ ባሰረው መንጠቆ ሲሠራ ኖሯል። የከተማው ሰው ግን ዘንግ የሚይዘው ለኑሮ ሳይሆን ለዕረፍት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከመዝገብና ከማኅተም ጋር ሲታገል የሰነበተ የመንግሥት ሠራተኛ የዕረፍት ቀኑን በውሃ ዳር ቢያሳልፍ ለአእምሮውም ለሰውነቱም ጤና ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዘንጉን የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ ከውጭ አገር ከሚመለስ ዘመድ እጅ ሲሆን፥ ከአሜሪካ ከሚመጣው ዘንግ ብዙው «ባስ» ለሚባለው ዓሣ የተሠራ ነው።

ባስ አፈ ሰፊ፥ ሌላውን ዓሣ የሚበላ፥ በውሃ ሣርና በወደቀ ግንድ ሥር የሚያደባ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ፥ ናይቫሻ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ገብቷል፤ የጣና ዓሣ ግን አይደለም። ታዲያ ለባስ የተሠራው ዘንግ ለእኛ አገር ዓሣ ይሆናል ወይ? ብሎ ለሚጠይቅ፥ አንዳንዱ እጅግ ይስማማል፥ አንዳንዱ ግን ጨርሶ አይስማማም የሚል መልስ እንሰጠዋለን። ልዩነቱን ለመረዳት አስቀድሞ ዓሣውን ማወቅ ይገባል።

የጣና ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በውስጡ ለምግብ የሚፈለጉት ዓሦች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ቆሮሶ ነው። ይህ በይበልጥ ጥቃቅን የውሃ ዕፀዋትን ስለሚመገብ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ማታለያ አያሳድድም፤ በትንሽ መንጠቆ ላይ ሊጥ ወይም ትል ሰክቶ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው። ጢም ያለው፥ ከውሃው ግርጌ የሚሄድ፥ ጉልበቱም ብርቱ የሆነ ዓሣ ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው ከሃይማኖት የተነሣ የማይበሉት ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1830ዎቹ እስከ ጎንደር መጥቶ ከዚህ ወገን አንዳንዶቹን ለዓለም አስታወቀ። በ1990ዎቹም የሆላንድ አገር ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ 15 ያህል ዓይነት እንዳለው፥ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ እንደማይገኙ ተረጋገጠ። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው።

እንግዲህ በጠባይ ወደ ባስ የሚቀርቡት እነዚህ ስምንቱ ናቸው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የነጭ ዓሣ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ እንጂ በመንጋጋው ላይ አይደለም፤ ከንፈሩም ሥጋማ ስለ ሆነ በኃይል ሲጎተት ይቀደዳል። ባስን ከውሃ ሣር ውስጥ በግድ መንጥቆ ለማውጣት የተሠራ ደንዳና ዘንግ፥ ነጭ ዓሣን ከንፈሩን ቀድዶ ያስመልጠዋል። ዓሣ አጥማጁ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዓሣውም ቍስለኛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የምርጫው ፍሬ ነገር ዘንጉ ብርቱ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ብርታቱ ከዓሣው ጋር መመጣጠኑ ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ እንምጣ። ከእጄታው ከፍ ብሎ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ይገኛል። ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ይሁን እንጂ ጠቅላላው ምሥጢር ያለው በዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያ ርዝመቱ በእንግሊዝ ጫማ ይጻፋል፤ አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፥ 6 ጫማ ተኩል የሚለው 2 ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ዘንጉ የሚስማማው ክር ጥንካሬ በፓውንድ ይጻፋል። ከ8 እስከ 12 ፓውንድ የሚል ቢሆን ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ሳይበጠስ የሚችል ክር ማለት ነው። በመጨረሻም የሚወረወረው ማታለያ ክብደት በአውንስ ይገለጻል፤ አንድ አውንስ 28 ግራም ነው። ከተጻፈው በላይ የከበደ ነገር የሚወረውር ሰው ዘንጉን ሊሰብረው ይችላል፤ በጣም የቀለለውንም የሚወረውር ከእግሩ ሥር ይጥለዋል።

ከዚህ ሌላ የዘንጉን ብርታት የሚያመለክት ፊደል አለ። «ኤም» የሚለው መካከለኛ፥ «ኤም ኤል» ከመካከለኛ የለሰለሰ፥ «ኤም ኤች» ደግሞ ከመካከለኛ የበረታ መሆኑን ያሳያል። ብርታትና አጎነባበስ ግን አንድ አይደሉም። አጎነባበስ ማለት ዘንጉ ሲጎተት ከየት እንደሚታጠፍ ነው። «ፈጣን» የሚባለው ከጫፉ ብቻ ይታጠፋል፤ «መካከለኛው» ከወገቡ፥ «ዘገምተኛው» ከእጄታው ጀምሮ ይጎነበሳል። ለነጭ ዓሣ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ፥ ብርታቱ መካከለኛ ወይም ከዚያ ትንሽ የለሰለሰ፥ አጎነባበሱም መካከለኛ የሆነ ዘንግ ይስማማዋል፤ ዓሣው ሲወራጭ ዘንጉ እየተለመጠ የከንፈሩን መቀደድ ይከላከላልና። ለአምባዛ ግን «ኤም ኤች» የሚለው ይሻላል።

ዘንጉ የሚሠራበት ነገርም ልዩ ልዩ ነው። የጥንቱ ቀርከሃ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመስታወት ጭረት፥ ከ1970ዎቹ ወዲህም ካርቦን መጣ። ካርቦን ቀላልና ንቁ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ላይ ቢጋጭ በቶሎ ይሰነጠቃል። የመስታወት ጭረት ከበድ ይላል፤ ለጀማሪና ለድንጋያማ ወንዝ ግን ታጋሽ ነው። በተለይ መታወቅ ያለበት ካርቦን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች ወይም ነጐድጓድ በሚሰማበት ሰዓት የካርቦን ዘንግ ማንሣት ሕይወትን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

መዘውርም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ማታለያው ሲወረወር ክሩ የተጠቀለለበት በርሜል ራሱ ይዞራል፤ በሸማኔ መወርወሪያ ውስጥ ያለ ቀሰም ማጉ ሲሳብ እንደሚዞር ማለት ነው። ክሩ ሲወጣ በአውራ ጣት ካልተገታ በርሜሉ ክሩን ቀድሞ ይሽከረከርና ውሉ የጠፋ ልቃቂት ያደርገዋል። ይህ ለሠለጠነ እጅ ትክክለኛ መሣሪያ ነው፤ የባስ አጥማጆችም ይወዱታል። ሁለተኛውን ዓይነት በ1905 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት በስሙ አስመዘገበው። በዚህኛው በርሜሉ በውርወራ ጊዜ አይዞርም፤ ከቆመ እንዝርት ጫፍ ላይ ፈትል እንደሚሳብ ሁሉ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይሄዳል። ለመማር የማያስቸግር፥ ቀላል ማታለያም አርቆ የሚወረውር ስለ ሆነ፥ ለጀማሪ የምንመክረው ይህንን ነው። የመዘውሩ መጠን በቍጥር ሲገለጽ 2500 ወይም 3000 የሚለው ለጣና ይበቃል።

መዘውር ሲገዛ ከውበቱ በፊት ልጓሙ ይመርመር። ልጓም ያልነው ዓሣው በብርቱ ሲስብ ክሩ ሳይበጠስ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የሚያደርገው መቈጣጠሪያ ነው። ጥሩ ልጓም ሳይንቀጠቀጥ በእኩልነት ይለቃል። ከክሩ ጥንካሬ ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ በሚሆነው መጠን ይጠብቃል። ለ8 ፓውንድ ክር ይህ 1 ኪሎ ያህል ነው። ሚዛን የሌለው ሰው አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ በክሩ ጫፍ አስሮ፥ ክሩን ከመዘውሩ በቀጥታ ወደ ታች ለቅቆ ሊሞክር ይችላል፤ ጠርሙሱ በዝግታ ክሩን እየሳበ ከወረደ ልጓሙ ልክ ነው።

ክርን በተመለከተ፥ ናይሎኑ ትንሽ ስለሚለጠጥ ለለስላሳው ከንፈር ይራራል። የተጎነጎነው አዲሱ ክር ቀጭንና እጅግ ጠንካራ ቢሆንም አይለጠጥም፤ በስል ድንጋይም በቶሎ ይቈረጣል። መንጠቆን በተመለከተ ደግሞ ቍጥሩ ሲበዛ መንጠቆው እንደሚያንስ ማስታወስ ነው። ለቆሮሶ 8 ወይም 10፥ ለነጭ ዓሣ ከ6 እስከ 2፥ ለትልቅ አምባዛ 2/0 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ክሩ ሲቋጠር ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በውሃ ይርጠብ፤ በደረቁ የጠበቀ ቋጠሮ ክሩን ያደክመዋልና።

ከስማዳ፥ ከወገዳ ወደ በሽሎ ወይም ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ግን ነገሩን በሌላ መልክ ያስብ። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሣ ከታችኛው ወንዝ ዓሣ ለይቶታል፤ በሸለቆውም ጢማሞቹ ዓሦች አሉ፥ ሞገዱም ብርቱ ነው። ስለዚህ እስከ 2 ሜትር ተኩል የሚረዝም፥ ብርታቱም ከፍ ያለ፥ ለጭነት እንዲመች ከሦስት ወይም ከአራት የሚገጣጠም ዘንግ ይያዝ። ከደጋው እስከ ቆላው መንገዱ አድካሚ ስለሆነ ለተሰበረ ዘንግ ተመልሶ የሚሄድ የለም። ጉዞው በበጋ ይሁን፤ በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ሰውን ይወስዳል። በዓባይ ሸለቆ አዞ፥ በቆላውም ወባ መኖሩ አይዘንጋ።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ከአንድ ትልቅ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ፥ ነጭ ዓሣ ከጣና ወጥቶ ሽቅብ እየዋኘ በእነዚህ ወንዞች ዕንቍላሉን ይጥላል። ይህም በይበልጥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። በዚህ ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃው የሚበትን ሰው ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1991 እስከ 2001 በተካሄደ ጥናት የጎለመሰው የጣና ነጭ ዓሣ በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታውቋል። በፊሊፒን አገር ላናኦ በሚባለው ሐይቅ ይኖር የነበረው ተመሳሳይ ወገን ጠፍቷል፤ እንግዲህ የጣናው የሚተካከለው የሌለ የአገር ቅርስ ነው።

መንጠቆ ከብርብራ የሚሻለው ዳኝነት ስለሚቀበል ነው። ያልደረሰውን ወይም ዕንቍላል ያዘለውን ዓሣ መልሶ ለመልቀቅ ያስችላል። ይህ እንዲሆን የመንጠቆው የኋላ እሾኽ አስቀድሞ በጉጠት ተጨፍልቆ ይተኛ፤ ዓሣውም በረጠበ እጅ ይያዝ። ስለ ፈቃድ ደግሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 የወጣ ስለሆነ፥ ውሃ ዳር ከመውረድ በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ሕግን በየቢሮው የሚያስፈጽም ሠራተኛ በውሃ ዳር ሕግን ሲጥስ ቢገኝ አያምርበትም።

እንግዲህ በአጭሩ፦ ዘንጉ ለዓሣው የተመጠነ፥ መዘውሩ ልጓመ መልካም፥ ክሩ የማይከዳ ይሁን፤ የዕንቍላሉም ወራት ይከበር። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዘንጉን ሰቅሎ የሚታገሥ ሰው በኅዳርም፥ በሚመጡት ዓመታትም ከውሃው ዳር ዓሣ አያጣም።