አዲሱ ማዘርቦርድ አልነሳ ሲል፦ «ተቃጥሏል» ከማለታችን በፊት



የጀመዓችን ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ በመሞቱ ከየኪሳችን አዋጥተን አዲስ መግዛታችንን ታስታውሳላችሁ። ይህን ጋዜጣ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የቱቶሪያል ወረቀትና የረመዷንን ፕሮግራም የምናዘጋጀው በዚሁ ኮምፒውተር ነው። ከዒሻ በኋላ ገጣጥመን ጨረስንና ቢስሚላህ ብለን ማብሪያውን ተጫንን። ፋኑ ለቅጽበት ንቅንቅ አለና ቆመ። ደግመን ብንጫንም ያው ነው። አንዳችን «ተቃጥሏል» አልን፤ ሌላችን «ባለሱቁ ሸውዶናል» አልን። ይኸው ወሬ በዚያው ሌሊት በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተጻፈ።

በማግስቱ ረጋ ብለን ስናጣራ ማዘርቦርዱ ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኛው ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቻችን በዶርምም ሆነ በቤት ኮምፒውተር ስለምንነካካ ያጣራንበትን ቅደም ተከተል እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ችግሩን በትክክል እንለይ። ማብሪያው ሲጫን ምንም ድምፅና መብራት ከሌለ፣ ወይም ፋኑ ጀምሮ ወዲያው ከቆመ ነገሩ የኃይል ጉዳይ ነው። ፋኑ ሳያቋርጥ እየዞረ ስክሪኑ ብቻ ባዶ ከሆነ ግን ወደ ራም፣ ወደ ግራፊክስ ካርድ ወይም ባዮሱ ፕሮሰሰሩን ወደ አለማወቁ ያመለክታል። ከዚህ በታች የምናየው የመጀመሪያውን ነው።

ማንኛውንም ኬብል ከመንካታችን በፊት ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት እንነቅላለን። ማብሪያውንም አንዴ ተጭነን የቀረውን ኃይል እናስወጣለን። እጃችን ላይ ያለው ስታቲክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የኬዙን ብረት እንነካለን። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን ፈጽሞ አንከፍትም፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ሊይዙ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ከውጭ እንጀምር። ሶኬቱና ዲቫይደሩ ሌላ ዕቃ ሰክተን እንፈትሻቸው። ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ መብራቱን እንይ። የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች 115 እና 230 የሚል መምረጫ አላቸው። በአገራችን መብራት 220 ቮልት በመሆኑ መምረጫው 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን የኃይል ኬብሎች እንይ። ትልቁ ባለ 24 ፒን ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ነው። ሁለቱም መቆለፊያቸው «ቀጭ» እስኪል መግባት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ የማብሪያውን ቁልፍ እንጠርጥር። ከኬዙ ፊት የሚመጣው ቀጭን ሽቦ በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ በተመለከቱት ሁለት ፒኖች ላይ ነው የሚቀመጠው። ለማብሪያው የሽቦው አቅጣጫ ለውጥ የለውም፤ ለመብራቶቹ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለው። ሽቦውን አውጥተን እነዚያን ሁለት ፒኖች ብቻ በካቻቪቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ብናገናኛቸውና ኮምፒውተሩ ቢነሳ፣ የተበላሸው ቁልፉ ነው።

አራተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን እንፈትነው። ከግድግዳውም ከማዘርቦርዱም ነቅለን፣ በባለ 24 ፒኑ ኬብል ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንድ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ እናገናኝና መልሰን ግድግዳው ላይ እንሰካው። ሌላ ቀለም አንነካም። ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ ይነሳል ማለት ነው። መልቲሜትር ያለው ቢጫውን ከጥቁሩ ጋር ይለካ፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ቀዩ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25 ነው። ይህ ፈተና ያለ ጭነት ስለሆነ ማለፉ ብቻውን ሙሉ ማስረጃ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተን በመጣበት የካርቶን ሣጥን ላይ እናስቀምጠው። የብር ቀለም ያለው ላስቲክ ላይ ግን አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ሁለቱን የኃይል ኬብሎች ብቻ ትተን እናስነሳው። ከተነሣ ሌላውን አንድ በአንድ እየጨመርን፣ በየመሐሉ እየነቀልን እንሞክራለን። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየርን የትኛው እንዳዳነው አናውቅም።

የእኛም ጉዳይ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ! ወደ ኬዙ ተመልሰን ስናይ፣ ማዘርቦርዱን ከብረቱ ከፍ አድርገው ከሚይዙት ትናንሽ የነሐስ መቆሚያዎች አንዱ፣ አሮጌው ማዘርቦርድ ቀዳዳ በነበረበት፣ አዲሱ ግን ቀዳዳ በሌለው ቦታ ቀርቷል። ከሥር የብየዳውን ነጥብ እየነካ ሾርት ያደርግ ነበር። ፓወር ሰፕላዩም ይህን ሲያውቅ ራሱን ለመጠበቅ ወዲያው ይዘጋል። ፋኑ ንቅንቅ ብሎ የቆመው ለዚህ ነበር። መቆሚያውን ፈታን፤ አልሐምዱሊላህ ሠራ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሣ፣ የፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ የታጠፈ ፒን መኖሩን አይቶ ወደ ሻጩ መሄድ ተገቢ ነው። ያኔ የምንሄደው በማስረጃ ነው።

ኮምፒውተሩ ተሠራ፤ በግሩፑ ላይ የተጻፈው ግን ቀርቶ ነበር። ሱረቱል ሑጁራትን ስንቀራ ስለ ማጣራትና ስለ መጥፎ ጥርጣሬ ስንት ጊዜ አልፈንበታል! ወሬውን አጥፍተን፣ ለአባላቱ እውነቱን ጽፈን፣ ባለሱቁ ዘንድ ሄደን ዐውፍ አልነው። የመዋጮው ገንዘብ አማና እንደሆነ ሁሉ የሰው ስምም ሐቅ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ካቻቪቴ ከምላሳችን እንዲቀድም አላህ ይርዳን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።