ቮልቴጅና የኦም ሕግ

የኤሌክትሪክ ዑደት የሚሠራም ሆነ የሚጠግን ሰው አዘውትሮ የሚጠቀምበት ስሌት በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በጌዮርግ ሲሞን ኦም ስም የሚጠራው ሕግ ሲሆን፣ ይህም በአንድ ሬዚስተር ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ የሚገኘው በውስጡ የሚያልፈው ከረንት በሬዚስታንሱ ሲባዛ መሆኑን ይገልጻል። ከረንት በሽቦው ውስጥ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠን ሆኖ በአምፔር ሲለካ፣ ሬዚስታንስ ደግሞ ቁሱ ይህን ፍሰት ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ፣ በኦም የሚለካ መጠን ነው። ቮልቴጅ ግን ምንጊዜም በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት በመሆኑ፣ ከየት እስከ የት እንደተለካ ሳይገለጽ ቢጠቀስ ትርጉም አይኖረውም።

ኦም በኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ ሙከራውን የጀመረው በዘመኑ ባትሪዎች ነበር፤ የእነርሱ ኃይል ግን እየተዋዠቀ ልኬቱን ስላዛባበት፣ ፖገንዶርፍ የተባለው ሳይንቲስት በሰጠው ምክር ከቢስመዝና ከመዳብ የተሠራ ቴርሞካፕል፣ ማለትም የሁለት ብረቶች መጋጠሚያዎች የሙቀት ልዩነት ሲኖራቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ መጠቀም ጀመረ። አንደኛውን መጋጠሚያ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላኛውን በበረዶ ውስጥ በማቆየት የማይለዋወጥ ምንጭ ካገኘ በኋላ፣ ርዝመታቸው የተለያየ የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እያስገባ ከረንቱን በማግኔት መርፌ መዞር ለካ፤ ግኝቱንም በ1827 በርሊን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል። የአገሩ ሊቃውንት መጽሐፉን በቸልታ ቢቀበሉትም፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1841 የኮፕሊ ሜዳልያ ሸልሞታል።

ስሌቱ ራሱ ተራ ማባዛት ነው፤ ጀማሪዎችን የሚያሳስታቸው የትኛውን ቁጥር ከየትኛው ጋር ማጣመር እንደሚገባ አለመለየታቸው ነው። ባለ 9 ቮልት ባትሪ 1,000 እና 2,000 ኦም ባላቸው ሁለት ተከታታይ ሬዚስተሮች ላይ ቢገናኝ፣ ብዙ ተማሪ 9ኙን ቮልት ለ1,000 አካፍሎ ከረንቱ 9 ሚሊአምፔር ነው ይላል። ነገር ግን 9ኙ ቮልት ያረፈው በሁለቱ ላይ በአንድነት ስለሆነ መካፈል ያለበት ለድምራቸው ለ3,000 ኦም ነው፤ ከረንቱም 0.003 አምፔር ይሆናል። ይህ ከረንት በሁለቱም ውስጥ እኩል ስለሚያልፍ፣ በመጀመሪያው ሬዚስተር ጫፎች መካከል 3 ቮልት፣ በሁለተኛው ደግሞ 6 ቮልት ይገኛል። ቮልት መለኪያውም በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ በትይዩ ሲያያዝ ይህንኑ ያሳያል፤ ሚሊአምፔርን ወደ አምፔር ሳይለውጥ በኦም ያባዛ ሰው ግን 3 ቮልት ማግኘት ሲገባው 3,000 ያገኛል።

ሕጉ የሚሠራው ሬዚስታንሱ በማይለዋወጥ አካል ላይ ነው። ለምሳሌ ቀይ ኤልኢዲ ከረንቱ ቢጨምርም ቮልቴጁ ወደ 2 ቮልት ገደማ ስለሚቆይ፣ ከ470 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገናኝ ስሌቱ የሚሠራው ለሬዚስተሩ በሚቀረው 7 ቮልት ብቻ ነው፤ በዚህም መሠረት ከረንቱ 15 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል። ባለ ክር አምፖልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ ባለ 220 ቮልትና 60 ዋት አምፖል ሲበራ ሬዚስታንሱ 807 ኦም ገደማ ሲሆን፣ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ግን የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ክር ላይ በኦም መለኪያ የተገኘ ቁጥር ለበራ አምፖል ስሌት አይውልም።