የመስኮብ ጠገራ ብር፤ ደረጃው እንዴት ይታወቃል?

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ድረስ የመስኮብ ተሳላሚዎች በየዓመቱ በሺህ እየተቆጠሩ ወደ ቅድስት ሀገር ይመጡ ነበር። ያርፉበት የነበረው ሰፊ ግቢ በኢየሩሳሌም እስከ ዛሬ «መስኮቢያ» ይባላል። የዚያ ዘመን የብር ሩብል ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ለተሳላሚ ሲሸጥ፣ ወይም ከአያት ተላልፎ ስለት ሆኖ ለገዳም ሲገባ ይታያል። የሚገዛው እንዳይታለል፣ በአደራ የሚጠብቀውም ሳያውቅ እንዳያበላሸው ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከደረጃው አስቀድሞ እውነተኛነቱ ይመርመር። ከ1886 ጀምሮ የታተመው የብር ሩብል 20 ግራም ይመዝናል፤ ከሺው 900 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ የንጹሕ ብሩ መጠን 4 ዞሎትኒክ ከ21 ዶልያ መሆኑ በመስኮብኛ ተጽፏል፤ ይህም 18 ግራም ያህል ነው። ሚዛኑ በብዙ ከጎደለ፣ ማግኔት ከሳበው፣ ወይም የጠርዙ ጽሕፈት ከደበዘዘና ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ መሆኑን የሚያሳይ መስመር ካለበት ሐሰተኛ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። በተጨማሪም ከ1867 በኋላ የታተሙት የ10፣ የ15 እና የ20 ኮፔክ ሳንቲሞች ግማሽ እጃቸው ብቻ ብር ስለ ሆነ በሩብሉ ዋጋ ሊገመቱ አይገባም።

ደረጃው የሚነበበው ከፍ ብለው ከወጡት ቦታዎች ነው፤ እጅ አስቀድሞ የሚፍቀው እነርሱን ነውና። የዳግማዊ ኒኮላስ ምስል ባለበት ሩብል ከጆሮው በላይ ያለው ጠጕር፣ ቅንድቡና ጢሙ ይታያሉ። በጀርባው ደግሞ የሁለት ራሱ ንስር ላባና በደረቱ ጋሻ ላይ ዘንዶውን የሚወጋው ፈረሰኛ ይመረመራሉ። ጠጕሩ አንድ በአንድ ተለይቶ የሚታይና የመጀመሪያው ጸዳል በሜዳው ላይ ያልጠፋ ከሆነ ያልተነካ ይባላል። ጫፎቹ ብቻ ሲለሰልሱ እጅግ መልካም፣ ጠጕሩ በከፊል ሲጠፋ መካከለኛ፣ የምስሉ ዙሪያ ብቻ ሲቀር ዝቅተኛ ነው። ነጋዴዎች ይህንኑ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቍጥር ይገልጹታል፤ ከ60 በላይ ያለው በእጅ ዝውውር ያልተፋቀ ነው።

ነገር ግን ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ የተፋቀ አይደለም። በ1913 ለሮማኖቭ ቤት 300ኛ ዓመት ከታተመው ሩብል መካከል ከማተሚያው ሲወጣ ምስሉ ደክሞ የወጣ አለ። በጠፍጣፋው ቦታ ላይ ጸዳሉ ካለ ደካማ አተም ነው፤ ጸዳሉ ከጠፋ ግን መፋቅ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጕዳት ግን ከመልካም አሳብ የሚመጣው ነው። የጠቆረውን ብር በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት እንደ አክብሮት ይቆጠራል። ጸዳሉ ግን ብሩ በማተሚያው ሲመታ በገጹ ላይ የሚቀሩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ሥራ ነው፤ በመታሸት ከጠፉ አይመለሱም። ዘመን ያመጣው ጥቁረት ገጹን አይጎዳም፤ የታሸ ሩብል ግን ምስሉ ሙሉ ቢሆንም በአዋቂ ዘንድ ዋጋው በብዙ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሩብሉን በጠርዙ ይዛችሁ በአንድ መብራት ሥር ዘንበል እያደረጋችሁ ተመልከቱ፤ በለስላሳ ፕላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ስፍራ አኑሩት። ስለት ሆኖ ሲገባም ክብደቱ፣ ዓመቱና የሁለቱ ገጽ ፎቶግራፍ በመዝገብ ይስፈር። በሁለት ደረጃ መካከል ስትጠራጠሩ ዝቅተኛውን ጻፉ፤ የሚሸጥ ቢሆን ገዢው ለዓመታት ያጠራቀመውን ይዞ የመጣ ተሳላሚ ሊሆን ይችላልና። የሰጪው እምነትም የገዢው ድካምም በዚያች ትንሽ ብር ላይ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።