ሳይጎተት የሚተኛ ፀጉር

ከግንባር እስከ ማጅራት አንዲት ዘለላ ሳትነሣ ተጣብቆ የተኛ፣ ከኋላ በአንድ ላስቲክ ተይዞ የሚወርድ ፖኒቴል ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከሠርግ አዳራሽ እስከ ባንክ መስኮት ያልደረሰበት የለም። ማኅበራዊ ሚዲያው «ክሊን ገርል» የሚል ስም ስላወጣለት አዲስ መሰለ እንጂ ፀጉርን አጣብቆ ማስተኛት የቆየ ሙያ ነው። የባሌት ዳንሰኞች ሲሠሩበት ኖረዋል። አሜሪካ ተወልዳ ፓሪስ ላይ የነገሠችው ጆሴፊን ቤከር አጭር ፀጉሯን የተቀባ ቀለም እስኪመስል ታስተኛው ስለነበር፣ «ቤከርፊክስ» የተባለ የፀጉር ቅባት በስሟ ወጥቶ ተቸብችቧል። የአሜሪካ ጥቁርና ላቲና ሴቶችም ይህ ስም ሳይወጣለት ገና ድሮ በጄልና በጥርስ ብሩሽ የግንባራቸውን ዳር ሲያሳምሩ ነበር።

ሙያውን ግን አንድ ክፉ ልማድ ተከትሎታል፤ ልስላሴና ጥብቀት እንደ አንድ ነገር ይታያሉ። ቅንድብ አብሮ ካልተሳበ «አልተያዘልኝም» የምትል ደንበኛ ብዙ ናት፤ ፀጉር ሠሪዋም ጉልበት ትጨምራለች። ፀጉሩን የሚያስተኛው ግን ውሃ፣ ጄልና ብሩሽ ነው። ላስቲኩ ከጭራው ሌላ የሚይዘው ነገር የለም።

ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የኬራቲኑን ክሮች ከሚያያዙት ማሠሪያዎች መካከል ደካሞቹ ውሃ ሲነካቸው ይላቀቃሉ፤ ሲደርቁ ደግሞ ፀጉሩ በተቀመጠበት ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የደረቀ ፀጉር እንደተጠቀለለ የሚቀረው፣ ሹሩባም ሲፈታ ሞገዱን ትቶ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ጄል በበኩሉ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራና ጎን ለጎን የተኙትን ፀጉሮች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ርጥብ ሆኖ የተበጠረ፣ እስኪደርቅም ያልተነካ ፀጉር ማንም ሳይስበው ይተኛል።

ጉተታው ፀጉሩን ከመበጠስም አልፎ ይሄዳል። የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ሕያው የሆነው ቆዳ ውስጥ ያለው ሥሩ ነው። ሥሩ ለወራትና ለዓመታት ሲሳብ ይቆስላል፣ የሚያበቅለውም ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል። በመጨረሻ ቦታው ጠባሳ ይሆንና ምንም አይበቅልበትም። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ሩዶልፍ ትሬቢች በ1907 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ፀጉራቸውን ዘወትር አጥብቀው የሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ፀጉር እየረገፈ መሆኑን አስተዋለ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ2007 በኬፕታውን ፕሮፌሰር ኖንህላንህላ ኩማሎ የመሩት ጥናት ከተመረመሩት ሴቶች ሲሶ ያህሉ ላይ ይኸው ችግር እንዳለ አሳየ። ሪላክሰር በተደረገ ፀጉር ላይ ጉተታ ሲታከልበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ደግነቱ ጠባሳ ሳይፈጠር ከተደረሰበትና ጉተታው ከቆመ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል።

ምልክቶቹ አይደበቁም። ከተያዘ በኋላ ቆዳው ያማል፣ በሥሩ ዙሪያ ብጉር የሚመስል ነገር ይወጣል፣ ከጆሮ በላይና ከግንባር ዳር ያለው ፀጉር ይሳሳል። ራስ ምታትም አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 93 ሴቶችን ጠይቆ ነበር፤ 50ዎቹ ፖኒቴል ራሳቸውን እንደሚያማቸው ተናግረዋል። ላስቲኩን ላላ ሲያደርጉት ብዙዎቹን ሕመሙ ይለቅቃቸዋል። «ለማማር ትንሽ መታመም አለ» የሚለውን የፀጉር ቤት ወግ እኔ አልቀበለውም፤ ሕመሙ ቆዳው «በቃኝ» ሲል ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ፀጉሩ ንጹሕ ይሁን። ትናንት የተቀባ ቅቤ ወይም ወፍራም ቅባት ላይ የተደረበ ጄል አይይዝም፤ ጄሉ የውሃ፣ ቅባቱ የዘይት ወገን ስለሆነ ነጭ ፍርፋሪ እየሆነ ይረግፋል። ቅቤን ለዕረፍት ቀን ማቆየት ነው። ውሃ የጠገበ ፀጉር በቀላሉ ይለጠጣል፣ ይበጠሳልም፤ በዚያ ላይ እየደረቀ ሲሰበሰብ ላስቲኩ እየጠበቀ ይመጣል። እናም ጠብ ጠብ ሲል ሳይሆን ወዝ ያለው ርጥበት ላይ ሲደርስ ይያዛል። ቋጠሮው ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር በሰፋፊ ጥርስ ማበጠሪያ ይፈታል። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ላላቸው ከፔስትራው ይልቅ ማታ ላላ ያለ ሹሩባ ተሠርቶ ማደሩ ይሻላል፤ ጠዋት ፀጉሩ ተዘርግቶ ይነሣል፣ እሳትም አልነካውም።

ጄሉን ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን የማደላው ጓዳ ውስጥ ላለው ተልባ ነው። አንድ እጅ ተልባ በአራት ወይም በአምስት እጅ ውሃ ተጥዶ በለስላሳ እሳት እየተማሰለ ይፈላል። ማማሰያው ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ መዘዝ ካለ በቅቶታል። እንደሞቀ በስስ ጨርቅ ወይም በአሮጌ ስቶኪንግ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ማጥለል ትግል ነው። የሚበላሽ ነገር ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። እንደ ሱቁ ጄል ድርቅ ብሎ አይይዝም፤ ንፋስ ባለበት ቀን አልመክረውም።

ጄሉ በጣት ተይዞ መጀመሪያ በግንባርና በጆሮ ዙሪያ፣ ከዚያ በማጅራት ይቀባል። ለስላሳ ጠጉር ባለው ብሩሽ መሐሉ፣ ሁለቱ ጎኖችና ማጅራቱ ተራ በተራ ወደ ኋላ ይበጠራሉ። ሁሉንም በአንዴ አፍሶ መሳብ ነው ጉተታን የሚያመጣው። ብር የሚታሰርበት ቀጭን ላስቲክ ፀጉር ይቆርጣል፤ በጨርቅ የተሸፈነው ወይም እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለው ይሻላል። ካሰሩ በኋላ ቅንድብን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ግንባሩ አብሮ ከተወጠረ ይላላ። ከዚያ ሻሽ በስሱ ታስሮ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ለእኔ ከማንኛውም ውድ ጄል በላይ የሚሠራው ይህ ሻሽ ነው።

በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ማሰር ደግሞ ያንኑ ሥር ደጋግሞ ማድከም ነው። ዛሬ ከፍ ካለ ነገ ዝቅ ይበል፤ በሳምንት ውስጥም ፀጉሩ ተፈትቶ የሚውልበት ቀን ይኑር። የሚቀጠል ጭራ የራሱ ክብደት አለው፤ ቀጭን ፀጉር ላይ ሲንጠለጠል ቀኑን ሙሉ ይስባል። የፖኒቴሏ ነገር የሚነሣላት ዘፋኟ አሪያና ግራንዴ ራሷ በ2014 እ.ኤ.አ. ፀጉሯ ለቴሌቪዥን ሥራ ደጋግሞ ቀለም በመቀባቱ እንደተጎዳና የምትታይበት ፀጉር ቅጥያ እንደሆነ ተናግራለች።

ማታ ሲፈታ በደረቁ አይነቀልም። ጄሉ በውሃ ይርሳል፣ ላስቲኩ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ከዚያ ይታጠባል ወይም በኮንዲሽነር ይበጠራል። ብሩሹ ላይ የሚቀረው ጭብጥ ፀጉር ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለው ደግሞ ባንዴ ነው የሚወጣው። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ፍሬ ያለው ረጅም ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ጨርሶ የወደቀ ነው። ፍሬ የሌላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ከበዙ ግን ተበጣጥሰዋል ማለት ነው፤ በማግስቱ ላስቲኩ ይለወጥ፣ ቦታውም ይቀየር። የግንባሩ ዳር እየሸሸ ከሆነ ዘይትና ቅባት እየቀያየሩ ወራት ከማባከን ቶሎ ብሎ ለቆዳ ሐኪም ማሳየት ይገባል።